የቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተርና የባዶው ቦታ ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የኀምሳኛ ዓመት በዓል መታሰቢያ መጽሔት ሊዘጋጅ በታሰበ ጊዜ፣ የታሪክ መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ከዳሰሰው ነገር ተነሥቶ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲያቀርብ አሳሰቡን። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ሰፈራቸው፣ አንዳንዶቹ ስለ አያቶቻቸው ዘመቻ፣ አንዱም ስለ ባቡር ሐዲድ ለመጻፍ ተነሡ። እኛ እኅትና ወንድም ግን ብዙ ከተማከርን በኋላ የመረጥነው በቤታችን ሳሎን ጥግ በዳንቴል ተሸፍኖ የሚቀመጠውን አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ይህን በተናገርን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። መምህራችን ግን አልሣቁም፤ «ከሥሩ ካገኛችሁት ጻፉት» ብለው ፈቀዱልን።

ኮምፒዩተሩን አባታችን የገዙት አገልግሎ ነው። ወደ አገራችን ከመምጣቱ በፊት በውጭ አገር በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ይሠራ እንደ ነበረ፣ ከጀርባው ላይ ያልተላጠው የንብረት ቁጥር ይመሰክራል። በ2013 የተሠራ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባታችን ደብዳቤ ይጽፉበታል። እናታችን የሰፈሩ ዕቁብ ጸሓፊ ስለ ሆኑ የሠላሳ አባላትን መዋጮና ዕጣ ይመዘግቡበታል። እኛም የፈተና ጥያቄ እናጠናበታለን። ጌም መጫወት ግን አልተቻለም ነበር። የእግር ኳስ ጨዋታ በከፈትን ቁጥር ተጫዋቹ ኳሷን ከመታ በኋላ ኳሷ መረቡ ዘንድ ሳትደርስ ምስሉ ደርቆ ይቀራል፤ ተመልሶ ሲንቀሳቀስም ጎሉ ተቈጥሮ፣ ተጫዋቾቹ ወደ መሐል ሜዳ ሲመለሱ እናያለን።

አዲስ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። የሁለት ዓመት የበዓል ስጦታችንና የክረምት ሥራ ክፍያችን ተደማምሮ፣ ለጌም የተሠራ አዲስ ኮምፒዩተር ከሚጠየቅበት ዋጋ ስድስተኛውን እጅ እንኳ አይሞላም። አባታችን አሮጌውን ለማሻሻል የፈቀዱልን በአንድ ቃል ኪዳን ነው፤ ይኸውም ከእናታችን የዕቁብ መዝገብ አንዲት ቁጥር እንዳትጠፋ ነው። «የሠላሳ ሰው ገንዘብ ነው፤ ቢጠፋ ጉድ ይፈላል» አሉን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካቻቢቴ ይዘን ሣጥኑን ከፈትነው። ከአቧራው ሥር ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ ወለደ። ለራም ከተሠሩት አራት ቦታዎች ሦስቱ ባዶ ናቸው። ከበታቻቸው ስሎት የሚባል ረጅም ማስገቢያ ባዶውን ተቀምጧል፤ አጫጭሮቹም እንደዚያው። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዱንም አልነካውም። ታዲያ ሠሪዎቹ ለማይጠቀምበት ሰው ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ስለ ምን ትተውለት ኖሯል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ሄድን።

ባዶ ቦታ መተው በዘልማድ የመጣ ነገር ሳይሆን ብዙ ክርክር የተደረገበት ሆኖ አገኘነው። አፕል የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1977 አፕል 2 የሚባለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ፣ ነዳፊው መሐንዲስ ሚስተር ስቲቭ ዎዝኒያክ ስምንት ስሎት እንዲኖረው ፈለጉ። ባልንጀራቸው ሚስተር ስቲቭ ጆብስ ግን አንዱ ለፕሪንተር፣ አንዱ ለሞደም፣ ሁለት ብቻ ይበቃል ባይ ነበሩ። ሚስተር ዎዝኒያክ አልበገር አሉና ስምንቱም ተሠሩ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎች እርሳቸው ያላሰቧቸውን ካርዶች እየሠሩ ስሎቶቹን ሞሉ። በ1984 ማኪንቶሽ ሲወጣ ግን ተራው የሚስተር ጆብስ ሆነ። ያ ኮምፒዩተር አንድም ስሎት አልነበረውም፤ 128 ኪሎባይት ራሙም ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ነበር። ክዳኑን ለመክፈት እንኳ በየቤቱ የማይገኝ ረጅምና ልዩ ካቻቢቴ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ኩባንያ ውስጥ፣ በሁለት ባልንጀሮች መካከል ተጀመረ ማለት ነው። ዛሬም አልተቋጨም።

የእኛ ኮምፒዩተር የዘር ሐረግ ግን በሌላ ወገን ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ታላቅ ኩባንያ በፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን በምትባል ከተማ፣ በሚስተር ዶን ኤስትሪጅ መሪነት ጥቂት መሐንዲሶችን ሰብስቦ የግል ኮምፒዩተር በአንድ ዓመት ያኽል ጊዜ እንዲሠሩ አዘዘ። ጊዜው አጭር ስለ ነበረ እንደ ኩባንያው ልማድ ሁሉን ነገር ራሳቸው ሊሠሩት አልቻሉም። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ማዘዣ ሶፍትዌሩን ከማይክሮሶፍት አገኙ። ነሐሴ 12 ቀን 1981 በኒው ዮርክ ለሕዝብ የታየው ይህ ኮምፒዩተር መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር ሲሆን፣ በዚያ ዋጋ የሚገኘው 16 ኪሎባይት ራም ያለው፣ ዲስክ የሌለው ነው። አምስት ስሎቶች ነበሩት፤ ከፕሮሰሰሩም አጠገብ ለሒሳብ ረዳት ቺፕ የተተወ ባዶ ማስገቢያ ነበረው። ገዥው ዛሬ ገንዘብ ባይኖረው ነገ ሲያገኝ ይሞላዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የኮምፒዩተሩን የኤሌክትሪክ መሥመር ንድፍና ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራውን፣ ባዮስ የሚባለውን ፕሮግራም ጽሑፍ ሳይቀር በመጽሐፍ አትሞ ሸጠ። ማንም ሰው መጽሐፉን ገዝቶ ለዚያ ስሎት የሚሆን ካርድ መሥራት ይችል ነበር። ብዙዎችም ሠሩ። በሂውስተን በ1982 የተቋቋመው ኮምፓክ ደግሞ ከዚያ አልፎ ኮምፒዩተሩን ራሱን ለመምሰል ተነሣ። ባዮሱ በሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ አንዱ ቡድን ምን እንደሚሠራ ብቻ ዘርዝሮ ጻፈ፤ የአይ.ቢ.ኤም.ን ጽሑፍ ያላየው ሌላው ቡድን ደግሞ ዝርዝሩን ይዞ ከባዶ አዲስ ጻፈ። በዚህ ዐይነት አንዱ ፋብሪካ የሠራው ካርድ በሌላው ፋብሪካ ሣጥን ውስጥ የሚገባበት ዘመን መጣ።

አይ.ቢ.ኤም. የለቀቀው ነገር ቈጭቶት ነበርና በ1987 ፒ.ኤስ. 2 የሚባሉትን ኮምፒዩተሮች ከአዲስ ዐይነት ስሎት ጋር አወጣ። የድሮው ካርድ በዚህ ስሎት አይገባም፤ ሌላው ሠሪም ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት በ1988 በኮምፓክ መሪነት ዘጠኝ ኩባንያዎች ተሰብስበው የራሳቸውን ስሎት አስታወቁ። የእነርሱ ስሎት የድሮውን ካርድ ይቀበላል። አይ.ቢ.ኤም. ስሎቱን በመዝጋት ገበያውን ሊመልስ አልቻለም። እኛ ሁለታችን ይህን ስናነብ ለዘጠኙ ኩባንያዎች ደግነት ምስጋና ለማቅረብ ተነሥተን ነበር፤ ኋላ ግን የሠሩት ለራሳቸው ጥቅም እንደ ሆነ ተረዳን። ቢሆንም ከዚያ የተረፈው ለእኛ ደረሰ።

አሁን ወደ ጌም እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተሮች ለቢሮ የታሰቡ ስለ ነበሩ ለጨዋታ የሚመቹ አልነበሩም። ሲ.ጂ.ኤ. በሚባለው የቀለም ካርድ ጌም ሲጫወቱ የሚታዩት ቀለሞች አራት ብቻ ናቸው፤ በብዙዎቹ ጌሞች ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ውኃ ሰማያዊና ደማቅ ሐምራዊ ነበሩ፤ የሰው ፊትም ሐምራዊ፣ ሣርም ሰማያዊ ይሆናል። በ1984 አሥራ ስድስት ቀለም የሚያሳይ ካርድ፣ በ1987 ደግሞ ቪ.ጂ.ኤ. የሚባለውና 256 ቀለም በአንድ ጊዜ የሚያሳየው መጣ። ድምፁም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ ከሣጥኑ ውስጥ የምትጮኽ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማውጫ ብቻ ነበረች። በ1987 ከኩቤክ፣ ካናዳ፣ አድሊብ የሚባል የሙዚቃ ካርድ ወጣ፤ ዘጠኝ ድምፆችን በአንድነት ማሰማት ይችላል። በ1989 ሚስተር ሲም ዎንግ ሁ የመሠረቱት የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተርን አወጣ። ይህ ካርድ ለአድሊብ የተጻፈውን ሙዚቃ ሁሉ ይጫወታል፤ በላዩም የተቀዳ የሰው ድምፅ ያሰማል፤ የጌም መጫወቻ እጀታ የሚሰካበት ቀዳዳም አለው። ገዥው በአንድ ካርድ ዋጋ የሁለት ካርድ ሥራ ስላገኘ ወደ እርሱ ጐረፈ። ለቤተሰብ ሒሳብ መያዣ የተገዛው ኮምፒዩተር በአንድ ስሎት ምክንያት ዘፋኝ ሆነ።

በዚያው ዘመን ያለ አንዳች ገንዘብ የሚደረግ ማሻሻል ነበረ። ኤም.ኤስ.-ዶስ በሚባለው ሥርዐት ፕሮግራሞች በቀላሉ የሚሠሩበት ራም 640 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከዚያ የበለጠ ራም ቢኖረውም ይህ ወሰን አይለወጥም። አይጥና የድምፅ ካርድ የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ፕሮግራሞች ከዚህ ላይ ሲቀንሱ ጌሙ «ቦታ አነሰኝ» ብሎ እንቢ ይላል። ስለዚህ ልጆች ለእያንዳንዱ ጌም አንድ አንድ የማስነሻ ፍሎፒ ያዘጋጁ ነበር፤ በእርሱ ላይ የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ አውጥተው፣ የሚያስፈልገውን በቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ብዙ ሰው ኮምፒዩተር ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀው በዚህ ችግር ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 1993 በቴክሳስ የሚገኝ ኢድ ሶፍትዌር የሚባል ትንሽ ኩባንያ ዱም የተባለውን ጌም አወጣ። ሚስተር ጆን ካርማክና ሚስተር ጆን ሮሜሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ይህ ጌም ከሦስት ክፍሎቹ የመጀመሪያው በነጻ የተሰጠ ነበር። ጌሙ በነጻ ይሰጥ እንጂ ኮምፒዩተሩ ቢያንስ 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ራም እንዲኖረው ይጠይቃል፤ እንደ ልብ ለመጫወት ደግሞ 486 ይሻል ነበር። ደብዳቤ ለመጻፍ ከበቂ በላይ የሆነው የቤተሰብ ኮምፒዩተር በአንድ ቀን ደካማ ተባለ። ጌም በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ይህ ነው። አባት ለሥራው ሲል ራም የሚጨምርበት ምክንያት የለውም፤ ልጁ ግን አለው።

ርካሽ ነገር ሁልጊዜ እንደማያዋጣ የሚያሳየው ታሪክ በ1996 የሆነው ነው። በዚያን ጊዜ ሳይሪክስ 6ኤክስ86 የሚባለው ፕሮሰሰር በቢሮ ሥራ ከኢንቴል ፔንቲየም ጋር ይፎካከር ነበር፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ብዙ ቈጣቢ ሰዎች ገዙት፤ ደስም አላቸው። ሰኔ 22 ቀን 1996 ያው ኢድ ሶፍትዌር ኩዌክን ባወጣ ጊዜ ግን ደስታቸው ተበላሸ። ኩዌክ የሦስት አቅጣጫ ምስሉን የሚሠራው ክፍልፋይ ያላቸውን ቁጥሮች እጅግ ብዙ ጊዜ በማስላት ነው፤ ሳይሪክስም የደከመው በዚህ ስሌት ነበር። ፕሮሰሰሩ አልተበላሸም፤ ትናንት የማይጠየቀውን ዛሬ ስለ ተጠየቀ ነው። እኛም በገዛ ገንዘባችን ይህን የመሰለ ነገር እንደ ደረሰብን ከዚህ በታች እንናገራለን።

የባዶው ስሎት ዋና የክብር ቀን የመጣው በዚያው በ1996 ነው። 3ዲኤፍኤክስ የሚባለው፣ በ1994 በካሊፎርኒያ የተቋቋመ ኩባንያ ቩዱ የሚባል የሦስት አቅጣጫ ምስል መሥሪያ ቺፕ ነበረው። መጀመሪያ የታሰበው በመዝናኛ አዳራሾች ለሚቆሙት ትላልቅ የጌም ማሽኖች ነበር፤ ለቤት እንዳይሆን የራም ዋጋ ይከለክለው ነበርና። በዚያ ዓመት ግን የራም ዋጋ ወደቀ። በዚህም 4 ሜጋባይት ራም ያለው የቩዱ ካርድ በ300 ዶላር ገደማ ለቤት ቀረበ። ይህ ካርድ የድሮውን የምስል ካርድ አይተካም፤ በባዶው ስሎት ገብቶ ከጎኑ ይቀመጣል። አንዲት አጭር ገመድ ከድሮው ካርድ ጀርባ ተነሥታ ወደ እርሱ ትገባለች። ደብዳቤ ሲጻፍ የድሮው ይሠራል፤ ጌም ሲከፈት አዲሱ ይረከባል። ገዥው የነበረውን ሳይጥል የሌለውን ጨመረ። ይኸው ኩባንያ በኋላ ካርዱን ሌሎች እንዲሠሩት ማድረጉን ትቶ ብቻውን ልሥራ አለ፤ በ2000 መጨረሻም ንብረቱን ለተወዳዳሪው ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ለውድቀቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ቢኖረው ቅሉ፣ በሩን መዝጋቱ አልጠቀመውም።

በ1998 የወጣውን ሴሌሮን 300ኤ ሳናነሣ ብናልፍ የድኾችን ታሪክ እንዳጐደልን ይቈጠራል። ኢንቴል በ149 ዶላር የሸጠው ይህ ርካሽ ፕሮሰሰር 300 ሜጋኸርትዝ እንዲሠራ የተወሰነ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ 66 የሚለውን ፍጥነት 100 ቢያደርጉት ግን አብዛኛውን ጊዜ 450 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ ይኸውም በዚያው ወቅት በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጥ ከነበረው ፔንቲየም 2 ጋር ሊተካከል ነው። ይህን ማድረግ ኦቨርክሎክ ይባላል። ሙቀቱ ስለሚጨምር ማቀዝቀዣው ደካማ ለሆነ አይመከርም። የእኛም ኮምፒዩተር ይህን አይፈቅድም፤ የቢሮ ዕቃ ነውና ተቈልፏል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። በ2004 በኮምፒዩተሮች ላይ መታየት የጀመረው ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ የሚባለው ስሎት፣ ፍጥነቱ በየትውልዱ ቢጨምርም ቅርጹ አልተለወጠም፤ ስለዚህ አዲሱ ካርድ በአሮጌው ማስገቢያ ይገባል። ከስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት የሚደርስ ኃይል ስለሚያገኝ፣ ከዚያ በላይ የማይፈልግ ካርድ ሌላ የኃይል ገመድ አያሻውም። በ2014 ኢንቪዲያ ያወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 750 ቲ.አይ. 60 ዋት ብቻ የሚፈልግ ነበር፤ በ2016 የወጣው 1050 ቲ.አይ. ደግሞ 4 ጊጋባይት የራሱ ራም ኖሮት 75 ዋት ይበቃዋል። በሌላ በኩል ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ እየለወጡ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር የያዙትን በርካሽ ይሸጣሉ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በተገናኙ ጊዜ፣ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ አንድ ካርድ መጨመር በብዙ አገር የድኻ ልጅ መንገድ ሆነ። በ2020ና በ2021 የቺፕ እጥረትና የክሪፕቶ ገንዘብ ቍፋሮ የካርድን ዋጋ ሰማይ ሰቀሉት። መስከረም 15 ቀን 2022 ኤቴሪየም የሚባለው ገንዘብ በካርድ መቈፈሩን ባቆመ ጊዜ ደግሞ ያገለገሉ ካርዶች ገበያውን አጥለቀለቁት።

አሁን ወደ ሳሎናችን ተመልሰናል። መጀመሪያ የዕቁቡን መዝገብ በሁለት ፍላሽ ገለበጥን። ቀጥሎም አቧራውን በብሩሽ ጠርገን፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት አድሰን ቀባን። ወጪው ከምንም አይቈጠርም፤ ቢሆንም እንደ ወፍጮ ሲጮኽ የነበረው ማራገቢያ ዝም አለ። ከዚያም ከነበረው ጋር የሚመሳሰል 4 ጊጋባይት ራም ገዝተን ከባዶዎቹ ቦታዎች በአንዱ አስገባን። ሁለት ራም በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ፕሮሰሰሩ በአንድ መንገድ ፋንታ በሁለት መንገድ ያነባል፤ የተለየ ካርድ በሌለው ኮምፒዩተር ምስሉም የሚሠራው በዚያው ራም ስለ ሆነ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ቦታውን ያወቅነው በቀለሙ ነው፤ ጥንዶቹ አንድ ዐይነት ቀለም አላቸው።

ችግር የገጠመን ካርዱ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ያገለገለ፣ ከፍ ያለ ካርድ በጥሩ ዋጋ አሳየንና ተጣድፈን ገዛነው። ቤት ደርሰን ስናየው በራሱ ላይ ባለ ስድስት እግር የኃይል መሰኪያ አለው፤ በእኛ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ የለም። ፓወር ሰፕላዩን እንለውጥ ብንል፣ ሠሪው ለራሱ ብቻ ያበጀው ልዩ መሰኪያ ነበረውና ከሱቅ የሚገኘው አይገጥምለትም። የፒ.ኤስ. 2ን ታሪክ ያነበብነው ከዚህ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል፤ ቀድመን አንብበነው ቢሆን መሰኪያውን አስቀድመን በመረመርን ነበር። ነጋዴው ገንዘብ አልመልስም አለ፤ አባታችን ሄደው ከለመኑት በኋላ ግን ዋጋ ቀንሶ በ1050 ቲ.አይ. ለወጠልን። ካጠራቀምነው ገንዘብ ሩቡ በዚህ ጠፋ።

የባሰው ገና መምጣቱ ነበር። በቀረን ገንዘብ 240 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዝተን፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ወደ እርሱ ስንገለብጥ መብራት ጠፋ። ሲመለስ አሮጌው ዲስክ ጥቂት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለና አልነሣ አለ። በማግስቱ እሑድ የዕቁቡ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። እኛ ያን ሌሊት አልተኛንም። በኤስ.ኤስ.ዲ.ው ላይ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ስንጭን አድረን፣ መዝገቡን ከፍላሹ መለስን፤ ነገር ግን ፍላሹ የያዘው ከአንድ ሳምንት በፊት ያለውን ነው። የመጨረሻው ሳምንት መዋጮ የለም። ሲነጋ ለእናታችን እየተንቀጠቀጥን ነገርናቸው። እርሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከቁም ሣጥኑ የተሸፈነ ደብተር አወጡ፤ ኮምፒዩተሩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መዋጮ በእጃቸውም ይጽፉ ኖረዋል። «መብራት የሚጠፋበት አገር ነው ያለነው» ብለው ብቻ አለፉ። ዕጣው በሰዓቱ ወጣ። ለእኛ ግን የአንድ ወር የጌም ክልከላ ወጣብን።

ወሩ ካለፈ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያኽል፣ በሴኮንድ 15 ምስል እንኳ የማይሞላው የእግር ኳስ ጨዋታ 60 ደረሰ፤ ኳሷም ወደ ጎል ስትገባ በዐይናችን አየን። እናታችን በበኩላቸው ቅሬታ አላቸው። ድሮ ኮምፒዩተሩን አብርተው እስኪነሣ ድረስ ቡናቸውን ይቈሉ ነበር፤ ዛሬ ገና ምጣዱን ሳይጥዱ ተነሥቶ ይጠብቃቸዋል።

የሚያሳስበን ነገር ግን አለ። አፕል በ2012 ባወጣው አዲስ ማክቡክ ፕሮ ራሙን እንደ 1984ቱ ማኪንቶሽ ከሰሌዳው ጋር በየደው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠሪዎች ተከተሉት። እንዲህ ያለውን ዛሬ የሚገዛ ቤተሰብ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ ልጆቹ ክዳኑን ቢከፍቱ ባዶ ቦታ አያገኙም። በሶፍትዌሩም በኩል ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእኛን ፕሮሰሰር ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላስገባውም። ኮምፒዩተሩ የሚጠየቀውን ሥራ ይሠራል፤ ወረቀቱ ግን የለውም። ስለዚህ ከአንድ ጓደኛችን በተሰጠን ትንሽ ዲስክ ላይ ሊኑክስ ጭነን እየሞከርን ነው። ከ2018 ጀምሮ ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ ባወጣው ፕሮቶን አማካይነት ለዊንዶውስ የተሠሩ ብዙ ጌሞች በእርሱ ላይ ይሠራሉ፤ በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚደረጉት አንዳንዶቹ ግን እንቢ ብለዋል። የዕቁቡ መዝገብ ያለ ችግር ተከፍቷል፤ አባታችንም ያጤኑት ይህን ብቻ ነው።

ከራሙ ቦታዎች ሁለቱ አሁንም ባዶ ናቸው። እኅት በሚቀጥለው እነርሱ ይሞሉ ትላለች፤ ወንድም ሰፊ ዲስክ ይሻላል ይላል። እናታችን ዕጣው ሲደርሳቸው ትንሽ ሊያግዙን ቃል ገብተውልናል፤ ሠላሳ አባላት ናቸው፤ እስካሁን የወጣው ለዐሥራ አንዱ ነው።